ሻጋታ፣ ሳንባና በውስጣችን የሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን፦ ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሻጋታ እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ከገባ ከአልጋ ሥር የተረሳ የቆዳ ጫማ ነጭ ሱፍ ለብሶ ይገኛል፤ የመጽሐፍ ጀርባ አረንጓዴ ይሆናል፤ በርበሬ ያስቀመጠች እናት ከረጢቱን ስትፈታ አፍንጫዋን ትይዛለች። ስለዚህ «ይህ ነገር ሳንባችን ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ከቡና መጋዘን በራፍም፣ ከካርድ ክፍል ወረፋም፣ ከጎረቤት ረከቦት ዙሪያም ይመጣል። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች የምመልሰው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ሕክምና የሚወስነው መርምሮ ያየው ሐኪም ነው።

የሻጋታ ብናኝ በየቀኑ ወደ ሳንባዬ ይገባል ማለት ነው?

ይገባል። የጅማ ብቻ ሳይሆን የድሬዳዋም የለንደንም ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሳንባን በማሳመም ከሁሉም የታወቀው ሻጋታ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ይባላል። ወደ አየር የሚበትነው ዘር፣ ስፖር የሚባለው፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ነው፤ በአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ከ20 በላይ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። አንድ ሰው በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፖሮችን ወደ ውስጥ እንደሚስብ ይገመታል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር አፍንጫ ላይ አይቀርም፤ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል።

ብዙው ሻጋታ የሰውነት ሙቀት አይስማማውም። ይህኛው ግን የብስባሽ ክምር ልጅ ነው። የቡና ገለባ ክምር ማለዳ ላይ እንፋሎት ሲያወጣ ያየ ሰው ውስጡ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተቋቁሞ ለሚያድግ ፍጡር የእኛ 37 ዲግሪ ድሎት ነው።

ስሙም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1729 ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ይህን የሻጋታ ወገን በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጠበል የሚረጭበትን ዕቃ መሰለው፤ በዚያው ስም ጠራው። በርጭቱ አልተሳሳተም።

ታዲያ ሁላችንም ለምን አንታመምም?

የአየር ቧንቧዎቻችን በሚወዛወዙ ጥቃቅን ፀጉሮችና በንፍጥ የተሸፈኑ ስለሆኑ የገባውን ጠርገው ወደ ላይ ይመልሳሉ። ከዚያ ያለፈውን በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። ከእነርሱ ያመለጠና ማቆጥቆጥ የጀመረ ስፖር ካለ ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ተጠርተው ይደርሱበታል።

ዋናው ነገር የመከላከያው ልክ ነው። መከላከያው ሲያንስ፣ ለምሳሌ በደም ካንሰር ሕክምና ላይ ባለ ወይም ብዙ ስቴሮይድ ለረዥም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ፣ ሻጋታው ሥር ሰዶ የሳንባን ሥጋና የደም ሥሮች ይወራል። መከላከያው ሲበዛ ደግሞ፣ በተለይ አንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ፣ ሻጋታው ሳይወር ሰውነት ራሱ በቁጣ ሳንባውን ያሳብጠዋል። አንዱ ሻጋታ፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታ። ይህን ልክ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በውስጣችን የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው።

ማይክሮባዮም የሚባለው ምንድን ነው? ሳንባ ከጀርም ነጻ አይደለም እንዴ?

በቆዳችን፣ በአፋችን፣ በአንጀታችንና በሌሎችም የአካል ክፍሎች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ቫይረሶች በአንድነት ማይክሮባዮም ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት መሠረት የአንድ ሰው የራሱ ሕዋሳት ወደ 30 ትሪሊዮን፣ በእርሱ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ወደ 38 ትሪሊዮን ናቸው። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ቢሆን ሰውነታችን የእኛ አይሆንም ነበር። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው።

ሳንባን በተመለከተ፣ ተማሪ ሳለን ጤነኛ ሳንባ ከጀርም ነጻ ነው ተብለን ተምረናል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ማሳደግ ስላልተቻለ ነበር እንዲህ የተባለው። የባክቴሪያን የዘር ቅንጣት በቀጥታ ማንበብ ሲጀመር ግን በጤነኛ ሳንባም ውስጥ ጥቂት ባክቴሪያዎች እንዳሉ ታወቀ፤ ፕሪቮቴላ፣ ቬይሎኔላና ስትሬፕቶኮከስ ይገኙባቸዋል። ሦስቱም የአፍ ነዋሪዎች ናቸው። ስንተኛ ጥቂት ምራቅ ሳናውቀው ወደ ውስጥ ይሾልካል፤ እነርሱም አብረው ይወርዳሉ፤ ሳልና ንፍጥ ደግሞ መልሰው ያወጧቸዋል። አንጀት ለባክቴሪያ ቤት ከሆነ ጤነኛ ሳንባ መናኸሪያ ነው፤ መጪና ሂያጅ እንጂ ቋሚ ነዋሪ አይበዛበትም።

ሆድ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአይጦች ለ5 ቀናት አንቲባዮቲክ ሰጡ። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ሲመናመን ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለውን እርሾ መሰል ፈንገስ በአፋቸው ጨመሩላቸው፤ ፈንገሱም የተለቀቀለትን ቦታ ያዘ። ቀጥሎ የአስፐርጊለስ ስፖር በአፍንጫቸው እንዲስቡ አደረጉ። የእነዚህ አይጦች ሳንባ በአለርጂ ተቆጣ። አንጀታቸው ያልተነካባቸው አይጦች ግን ያንኑ ስፖር ስበው እንዲህ አልሆኑም። ልብ ይበሉ፤ አንቲባዮቲኩም ካንዲዳውም የገቡት በሆድ ነው፤ የታመመው ሳንባ ነው።

ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሌላ የአይጥ ጥናት ተቃራኒውን ጫፍ አሳየ። ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው አይጦች አስፐርጊለስ ሲገባባቸው፣ በሳንባቸው ውስጥ ፈንገስን ለመዋጋት ኒውትሮፊሎችን የሚጠሩት ተከላካይ ሕዋሳት አነሱ። እነዚህን ሕዋሳት የሚያነቃቃ አንድ ክር መሰል የአንጀት ባክቴሪያ አለ፤ መድኃኒቱ እርሱንና መሰሎቹን አጥፍቶ ነበር። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሲያነቡ ከላይ ያልኩት ልክ ይታያል፤ አንጀት ሲዛባ ሳንባ አንዴ ከመጠን በላይ ይቆጣል፣ አንዴ ደግሞ ይለግማል።

መንገዱ ምንድን ነው ቢሉ፣ አንዱ ደም ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የአትክልት ቃጫ አብላልተው ትናንሽ አሲዶችን ይሠራሉ፤ እነዚህ በደም ተጉዘው ነጭ የደም ሕዋሳት በሚመረቱበት መቅኒ ላይ ሳይቀር ለውጥ ያመጣሉ። ሌላው ራሳቸው ተከላካይ ሕዋሳቱ ናቸው፤ በአንጀት ግድግዳ አንድን ጠላት የለዩ ሕዋሳት እዚያው አይቀሩም፣ በደም ዞረው ሳንባም ይደርሳሉ።

ይህ ሁሉ የአይጥ ወሬ ነው። ስለ ሰውስ?

ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። የቤተ ሙከራ አይጥ ጀንፈል አይወቅጥም፣ ጭስ ቤት ውስጥም አያድርም። ሆኖም ከሰው የተገኙ ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በጀርመን ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት የሰዎችን ደም መርምሮ፣ ፈንገስን ከሚዋጉት ሕዋሶቻችን ብዙዎቹ የሠለጠኑት በካንዲዳ አልቢካንስ ላይ መሆኑን አሳየ። ካንዲዳ በአብዛኞቻችን አንጀት በሰላም የሚኖር ነው። ችግሩ ከእነዚህ ሕዋሳት ጥቂቶቹ አስፐርጊለስንም እንደ ካንዲዳ ቆጥረው መነሣታቸው ነው። በአስፐርጊለስ አለርጂና በአንዳንድ ሥር የሰደዱ የሳንባ ሕመሞች በተያዙ ሰዎች ላይ በዝተው ተገኝተዋል። ማለትም ለአንጀት ጎረቤት የተዘጋጀ ቁጣ ሳንባ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው በሆስፒታል የተኙና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን ይመለከታል። ከሳንባቸው በተወሰደ እጣቢ ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት ተመናምኖ የተገኘው ወራሪ አስፐርጊለስ በያዛቸው ላይ ነው። መመናመኑ በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታውና የተሰጡት መድኃኒቶች አመናመኑት? ከአንድ ጊዜ ናሙና ይህን መለየት አይቻልም፤ «ተረጋግጧል» እያለ የሚነግርዎትን ሰው ይጠርጥሩት።

ሳንባ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ፈንገሱን ይገድሉታል ወይስ ይረዱታል?

ሁለቱንም። ፕስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለው ባክቴሪያ በተጎዳ ሳንባ ውስጥ ከአስፐርጊለስ ጋር አብሮ ይገኛል። ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያላቸው መርዞች ያመነጫል፤ በብዛት ሲሆኑ ፈንገሱን ያቆሙታል። በትንሹ ሲሆኑ ግን ፈንገሱ ብረት እንዲያገኝ ረድተው ያሳድጉታል። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ባክቴሪያውና ፈንገሱ ሳይነካኩ በአየር ብቻ በሚገናኙበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋቸው፣ ከባክቴሪያው የሚወጣው ድኝ ያለበት ሽታ ፈንገሱን ሲያደልበው አዩ። ሲጣሉም ሲፋቀሩም የሚጎዳው ባለቤቱ ነው።

ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቼ ብውጥ የሳንባ ፈንገስ ይይዘኛል?

ጤነኛ ከሆኑ፣ አይይዝዎትም። ማስፈራራት አልፈልግም። ግን ጉንፋን የቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ ለጉንፋኑ ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው አንጀትዎ ላይ ነው። ጥቅሙ ዜሮ ከሆነ ትንሹም ጉዳት ኪሳራ ነው። እኔም ራሴ ለዓመታት እንዲሁ እገዛ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሲሻለኝ መድኃኒቱን አመሰግናለሁ፣ ጉንፋኑ ግን በራሱ ጊዜ ነበር የሚሄደው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለአስም መዋጥ ነው። እነዚህ ስቴሮይዶች ፈንገሱን የሚገድሉትን ሕዋሳት በቀጥታ ያደክማሉ። ለረዥም ጊዜ እየወሰዱ ከሆነ ግን ይህን አንብበው በድንገት እንዳያቆሙ፤ በድንገት ማቆም ራሱ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል።

ቲቢ ታክሜ ጨርሻለሁ። አሁን ደግሞ ሳሉና ደም ያለው አክታ ተመለሰ። ቲቢው አልዳነም ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው እርሱ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ይህ መልስ ረዘም እንዲል የፈለግኩትም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ ከቲቢ የዳኑ ሳንባዎችም በየቤቱ አሉ።

ቲቢ ሳንባን ሲበላ ዋሻ ይቆፍራል። ባክቴሪያው በመድኃኒት ይሞታል፣ ዋሻው ግን ይቀራል። ጠራጊ ፀጉር የለው፣ የደም ዝውውሩ የሳሳ፤ ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ስፖሩ ገብቶ ሲያድግ ድርና ንፍጥ ተጠቅልሎ ኳስ ይሠራል፤ በራጅ ላይ በዋሻው ውስጥ እንደ ድቡልቡል ጥላ፣ በላዩም እንደ ጨረቃ የታጠፈ የአየር ክፍተት ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ከቲቢ በኋላ ዋሻ የቀረባቸው ከ500 በላይ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ወደ ሩብ በሚጠጉት ደም ውስጥ ሰውነት አስፐርጊለስን ለመዋጋት የሠራው ፀረ-አካል ተገኝቷል።

ምልክቱ ከቲቢ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም። ስለዚህ አክታው የቲቢን ባክቴሪያ በሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ነጻ ሆኖ እያለ «ተመልሶበታል» ተብሎ እንደገና የቲቢ መድኃኒት የሚጀመርለት ሰው አለ። አክታዎ ደጋግሞ ነጻ ከሆነና ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ከቆየ፣ «ፈንገስ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያስፈልገው የደም ፀረ-አካል ምርመራና ራጅ፣ ሲቻልም ሲቲ ስካን ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ኢትራኮናዞል ሲሆን ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል። ሪፋምፒሲን ከሚባለው የቲቢ መድኃኒት ጋር ግን አይስማማም፤ ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ኢትራኮናዞልን ሳይሠራ ከደም ያስወግደዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ አንዱን ወደ ሽንት ቤት መጣል ነው።

ማይክሮባዮሙስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የቲቢ መድኃኒት የአንጀትን ባክቴሪያ ስብጥር እንደሚለውጥና ለውጡም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለረዥም ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል። ይህ የቲቢ መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ቲቢ ይገድላል። ያለ ማስረጃ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ለመጀመር ግን ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

የሚወጣው ደም ብዙ ከሆነ፣ ይህን ማንበብ ትተው አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነኝ። አቧራው ያሰጋኛል?

አቧራው ሳንባን ያስቆጣል፤ ከሻጋታው ሌላ የባክቴሪያ ስብርባሪም አለበት። በአግባቡ አልጋ ላይ የደረቀ ጀንፈል ብዙ ችግር የለውም። ርጥብ ሳለ ተከምሮ የሰነበተ፣ ሲያነሡት የሚሞቅና ጢስ የመሰለ ብናኝ የሚያወጣ ቡና ግን ሌላ ነው። ወለሉ ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭ፣ መስኮት ይከፈት፣ ማበጠሪያው ነፋሱ አቧራውን ከሰው በሚያርቅበት በኩል ይሁን። ነጠላን በአፍንጫ ላይ ማጣፋት 2 ማይክሮን የሆነን ነገር አያስቆምም፤ ፊት ላይ የሚገጥም ኤን 95 ማስክ ይሻላል። አስም ካለብዎት ወይም ከቲቢ የዳኑ ከሆኑ የገለባውን ሥራ ለሌላ ይተዉት፤ አሠሪዎ ባይወደውም።

የሻገተ ቡና መጠጣትስ?

እርሱ የሳንባ ጉዳይ አይደለም። በሻገተ ቡና ላይ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ የሚያሰጋው ኩላሊትን ነው።

ከባለቤቴ ወደ እኔ ይተላለፋል?

አስፐርጊለስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳህን መለየት፣ አልጋ መለየት አያስፈልግም። ቲቢ አለመሆኑ ግን መረጋገጥ አለበት።

እርጎና ቆጮ ብበላ ሳንባዬ ይጠበቃል?

እርጎም ቆጮም በላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የሚብላሉ ናቸው፤ ጣፋጭም ናቸው። ቆጮ ግን ሲጋገር፣ እንጀራም ምጣድ ላይ ሲሰፋ፣ ሕያዋኑ ይሞታሉ። የሚቀረው ጥቅም ቃጫው ነው፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የአንጀት ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸው። እርጎ የሳንባ ፈንገስን ያድናል የሚል ማስረጃ የለም። ወተቱ ያልፈላ ከሆነ ደግሞ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል። የመከላከል አቅማቸው እጅግ የተዳከመ ሰዎች በእንክብል የሚሸጡትን ሕያው ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ፤ ወደ ደም ገብተው ያሳመሙባቸው ሕሙማን አሉ።

ኤች አይ ቪ በደሜ አለ። ኮትሪሞክሳዞል በየቀኑ እወስዳለሁ። አንቲባዮቲክ ጎጂ ከሆነ ላቁመው?

በፍጹም። ኮትሪሞክሳዞል የሚጠብቅዎት ኒውሞሲስቲስ ከሚባል የሳንባ ፈንገስ ጭምር ነው። በተለይ ሲዲ4 የሚባሉት ተከላካይ የደም ሕዋሳት ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ይህ ፈንገስ ይገድላል። ፈንገስነቱ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስ ይመስላቸው ነበር። አንቲባዮቲክ የሚወቀሰው ያለ ቦታው ሲገባ ብቻ ነው። መቼ እንደሚቆም የሚነግርዎት የሕክምና ክትትል ክፍሉ ነው።

ቤት ውስጥ ፍሉኮናዞል አለ። እሱን ልጀምር?

አይጀምሩ። ፍሉኮናዞል ካንዲዳን ይገታል፣ አስፐርጊለስን አይነካም። ከኢትራኮናዞል ጋር ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ወደ ሆስፒታል ስሄድ ምን ልያዝ?

የድሮ ራጅዎን። ጅማ ሕክምና ማዕከልም ይሂዱ ሌላ ቦታ፣ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ዋሻው ከ2 ዓመት በፊት ባዶ ነበር ወይስ ያኔም ኳሱ ነበረበት የሚለውን ነው፤ ይህን የሚመልሰው አሮጌው ፊልም ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር የቲቢ ሕክምና ካርድዎንና ባለፈው አንድ ዓመት የዋጧቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶን ይያዙ፤ በራስዎ ገዝተው የዋጡትንም አይደብቁ። ፊልሙን ደግሞ ጅማ ውስጥ ከፍራሽ ሥር አያስቀምጡት፤ እርሱም ይሻግታል።